ኖራ የሚያውቀው ጉርብትና
የጎንደር ቅርስ ከቀሐ ዳር ሲታይ

ጥምቀት አልፎ ውሃው ሲለቀቅ የፋሲል መዋኛ ሌላ መልክ ይይዛል። በበዓሉ ሰሞን ሞልቶ የነበረው ገንዳ ወለሉን ያሳያል፤ የዋርካዎቹ ሥሮች ቅጥሩን እንደ ጣት ጨብጠው፣ አንዱን ድንጋይ እየደገፉ ሌላውን እየፈነቀሉ ይታያሉ። እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚያነሣው መካከል ላይ የቆመውን ግንብ ነው። ውሃው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገንዳውን በየዓመቱ የሚሞላው ከአጥሩ ጀርባ ከሚፈሰው ከቀሐ የሚጠለፍ ውሃ ነው።

አንድ ቀን ወንዙን ተከትዬ ወደ ታች ወረድሁ። ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሐ። ሁለቱ ከከተማዋ ግርጌ ይገናኛሉ። በበጋ የቀሐ ውሃ ቀጭን ነው፤ በድንጋይ መካከል እየተሹለከለከ፣ ልብስ የሚያጥቡትንም የተጣለውን ፕላስቲክም እያለፈ ይወርዳል። ቁልቁል በሄድሁ ቁጥር የነገሥታቱ ግንብ ወደ ኋላ እየራቀ፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎች እየተቀራረቡ መጡ። የዐስር አዛን ሲሰማ አዲስ ዓለም ደርሼ ነበር።

አዲስ ዓለም የጎንደር ሙስሊሞች ጥንታዊ ሰፈር ነው። በድሮ ጽሑፎች እስላም ቤት፣ እስላምጌ እየተባለ ይጠራል። ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰላምታዬን ተቀብለው «ና ልጄ፣ ጥላው ውስጥ ግባ፤ ቡናው ሳያልቅ ደርሰሃል» አሉኝ። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ የቆየ ግድግዳ ነው። ፊቱ በሲሚንቶ ተለስኗል። ልስኑ ከወገቡ በታች አብጧል፣ ጫፉም ተሰንጥቆ ከግድግዳው ተለይቷል። ዐይኔ የት እንዳረፈ አይተው እጃቸውን በስንጥቁ ላይ አሳለፉ።

«አባቴ በየዓመቱ በጭቃና በጭድ ይለስኑት ነበር። ደህና ነበር። እኔ ‘ይጠንክር’ ብዬ ሲሚንቶ አስለበስሁት። በውስጥ አልቅሶ በሰበሰ።»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ግድግዳ ነው። ስለ ትልልቆቹ ግንቦችም ነው፤ ምክንያቱም የሁለቱም በሽታ አንድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጎንደር ቅርሴ ብላ የምትቆጥረው ነገር የት ላይ እንደሚያበቃ የሚጠይቅ ነው።

ሁለት ጊዜ የታዘዘ መለያየት

አጼ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻቸው ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። የከተማዋ ስም ሲነሣ ግንቡና 44ቱ ታቦታት አብረው ይነሣሉ፤ ይህ የሚያኮራ ቆጠራ ነው። ነገር ግን ከተማዋ ከመጀመሪያው ጀምራ የብዙ ወገን ከተማ ነበረች። ነጋዴው፣ ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ግንበኛው፣ ካህኑና ወታደሩ የሚኖሩባት፣ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1668 ጻድቁ አጼ ዮሐንስ በጎንደር ጉባኤ አስጠርተው ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ አዘዙ። ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ እንዲለዩ ተወሰነ። ሙስሊሞቹ ወደ ቀሐ ዳር ወረዱ። ይኸው ትእዛዝ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1678፣ እንደገና ታወጀ። አንድ አዋጅ በዐሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚታወጀው የመጀመሪያው ሳይሠራበት ሲቀር ነው። ሰዉ ከአዋጁ በላይ ተቀላቅሎ ይኖር ነበር ማለት ነው።

ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ያለ ታችኛው ሰፈር መኖር አይችልም ነበር። የቀይ ባሕር ወደብ ምጽዋ በኦቶማኖች እጅ፣ የምዕራቡ መንገድ በሰናር ሱልጣኖች እጅ ነበር። በሁለቱም አቅጣጫ የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይወጣል፤ ጨርቃ ጨርቅና ሌላ ዕቃ ይገባል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ያንን መደበቅ ለታሪክ አይበጅም። ነጋዴው መልእክተኛም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1698 ካይሮ ውስጥ ለቀዳማዊ ኢያሱ ሐኪም ሲፈልግ የነበረው የንጉሡ መልእክተኛ ሐጂ ዓሊ የተባለ ሙስሊም ነጋዴ ነው። በእርሱ ምክንያት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 ጎንደር ገባ። ስለዚያ ዘመን ጎንደር ዛሬ ከምናነባቸው የዐይን ምስክሮች አንዱ የፖንሴ ነው። ሐጂ ዓሊ ባይሄድ ኖሮ ያ ምስክርነት አይኖርም ነበር።

በኋላ ዘመን ፈተናው ከበደ። አጼ ቴዎድሮስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1866 ዘረፏት፣ አቃጠሏት። አጼ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አዘዙ፤ ብዙዎች ተሰደዱ። በ1888 ደግሞ የሱዳን ድርቡሾች ከመተማ ገሥግሠው ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አነደዱ። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አሕመድ ያጠኑት፣ ከ1864 እስከ 1941 ያለው የጎንደር ሙስሊሞች ኑሮ በእንዲህ ያለው የእሳትና የስደት ዘመን ውስጥ ያለፈ ነው። ቀሐ ሁለቱንም ወገን በየተራ ሲያለቅስ አይቷል።

የህንድ እጅ፣ የየመን ዐይን

የጎንደርን ግንብ ግንብ ያደረገው ኖራ ነው። ድንጋይ በሀገሩ ሞልቷል፤ ጥቁርና ቡናማ ጥጥር ድንጋይ ከየተራራው ይፈለጣል። ድንጋዩን ፎቅ ላይ ፎቅ አድርጎ የሚያቆመው ማያያዣ ግን የተገኘው በአጼ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዘመኑ የኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት ጭቃ ነበር ማያያዣው።

ከሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በኋላ ሌላ እንግዳ መጣ። የየመኑ ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል፣ ሐሰን ቢን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባለውን ሹም ወደ ፋሲለደስ ላኩት። ፋሲለደስ ከኦቶማኖቹ ምጽዋ ውጭ በበይሉል በኩል አዲስ የንግድ በር ይፈልጉ ነበር፤ የመኖቹ ደግሞ ንጉሡ ምናልባት ይሰልማሉ ብለው ተስፋ አድርገዋል። አል-ሐይሚ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር ደረሰ። የሁለቱም ተስፋ አልሰመረም። ጽሑፉ ግን ቀረ። የንጉሡን ግንብ አይቶ በድንጋይና በኖራ መሠራቱን፣ በሀገሩ አምሳያ እንደሌለው፣ ያነጸውም ከህንድ የመጣ ባለሙያ መሆኑን ጻፈ። የፋሲልን ግንብ ገና አዲስ ሳለ አይቶ የነገረን ሰው እንግዲህ የሰንዓ ሙስሊም ነው።

ድንጋዩን ጠርበው፣ ቅጥሩን ካቆሙት እጆች ውስጥ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩበት፤ በዚህ ሙያቸው በጎንደር ዘመን የታወቁ ናቸው። የክርስቲያን ንጉሥ ገንዘብ፣ የህንድ ባለሙያ እውቀት፣ የቤተ እስራኤል ጡንቻ፣ የሙስሊም ነጋዴ የባሕር ማዶ መንገድ፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ኖራ ተለስነዋል። ዩኔስኮ ራሱ ፋሲል ግቢን ሲገልጽ የህንድና የዐረብ ተጽዕኖ ያረፈበት፣ በኋላም ኢየሱሳውያኑ ያመጡት የባሮክ ስልት የለወጠው የግንባታ ጥበብ ይለዋል።

ታዲያ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ስምንት ቦታዎችን አካትቷል። ውስጡ 900 ሜትር በሚረዝም አጥር የተከበበው የግንቦቹ ቅጥር፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከከተማዋ ውጭም የጉዛራ ቤተ መንግሥትና የጎርጎራ ሥራዎች አሉበት። ሁሉም ይገባቸዋል። ከስምንቱ አንዱም ግን የነጋዴዎቹ ሰፈር አይደለም፤ መስጊድም አይደለም። ቤተ መንግሥቱ ተመዝግቦ፣ ቤተ መንግሥቱን ከዓለም ጋር ያገናኘው ሰፈር ከመዝገብ ውጭ ቀረ።

ሲሚንቶ ለምን ይገድላል?

ከአዲስ ዓለም ተመልሼ በጥንት ግንብ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት የሠራ አንድ ግንበኛ አገኘሁ። የሽማግሌውን ግድግዳ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። «ኖራ ይታገሣል፤ ሲሚንቶ እልኸኛ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የቀረው ጥሬ ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ለስልሶም ቅቤ ይመስላል። በጉድጓድ ተከድኖ በቆየ ቁጥር ይሻላል። ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ በድንጋዮች መካከል ሲገባ ቀስ በቀስ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ግን ከከበበው ድንጋይ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ግንቡ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዝናብ የሰረገበት ግድግዳም በኖራው በኩል ላቡን ያወጣል።

ሲሚንቶ ይህን አያደርግም። በፍጥነት ይጠነክራል፣ ከድንጋዩ በላይ ይጠነክራል፣ ውሃውንም ውስጥ ቆልፎ ያስቀራል። የጎንደር ክረምት ረጅም ነው። የተቆለፈው ውሃ ጨው ይዞ መውጫ ሲፈልግ የሚያገኘው ሲሚንቶውን ሳይሆን ድንጋዩን ነው፤ ድንጋዩ ይላጣል፣ ይፈረፈራል። በጭቃ የተሠራ ቤት ላይ ሲሆን የባሰ ነው። ጭቃው በውስጥ ርሶ ይፈርሳል፤ ከውጭ ግን ጤነኛ ይመስላል። ሽማግሌው «በውስጥ አልቅሶ» ያሉት ይህንን ነው።

ግንቦቹም በዚህ አልፈዋል። ጣሊያኖች ጎንደርን በያዙ ጊዜ የፈረሰውን ለመጠገን ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቀሙ። በኋላ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተካሄደው ጥገና ያንን እያስወገደ ወደ ኖራ መመለስ ነበረበት። ጣሊያኖቹ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ምሽጋቸውን ያደረጉት ጎንደርን ሲሆን እጃቸውን የሰጡት በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ የጎዳውን የኢያሱን ግንብ ይብስ አፈረሰው። ዛሬ ጣሪያ አልባ ሆኖ የምናየው የጦርነት ቁስል ነው።

ሚያዝያ 18

ስለ ቅርስ ስንጽፍ ድንጋይ ቆጥረን ሰው መዝለል ቀላል ነው። በጎንደር ግን ይህን ማድረግ አይቻልም።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ወር፣ የጎንደር ሙስሊሞች አንድ የተከበሩ ሽማግሌያቸውን ሊቀብሩ ወጡ። የመቃብሩ ቦታ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሰናል። በዚያ ወሰን ላይ የተነሣው ጠብ ወደ ግድያ ተለወጠ፤ ግድያውም ወደ ከተማው ዘለቀ፣ በሌሎች ከተሞችም ሌላ በቀል ወለደ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር በጎንደር ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን፣ ከ100 በላይ መቁሰላቸውን፣ ሁለት መስጊዶች መቃጠላቸውንና ሌሎች ሁለት በከፊል መፍረሳቸውን ገልጸዋል።

ለሞቱት ካሳ የሚሆን ጥገና የለም። የተቃጠለ መስጊድ ይሠራል፤ የተገደለ አባት አይመለስም። ነገር ግን ያ ቀን ስለ ቅርስ አንድ እውነት ትቶልናል። መቃብርና ቤተ ክርስቲያን አጥር ለአጥር ተያይዘው የሚገኙት ሰዉ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ስለኖረ፣ ጎን ለጎንም ስለተቀበረ ነው። ያ ድንበር በራሱ ከግንቦቹ የማያንስ የጎንደር ታሪክ ሰነድ ነው። ማን ምን እንደያዘ ተለክቶ፣ በካርታ ሰፍሮ፣ ሁለቱም ወገን ፈርሞበት ቢሆን ኖሮ ወሬ የሚያቀጣጥለው ክፍተት ይጠብ ነበር። ቅርስን መመዝገብ የምሁራን ቅንጦት አይደለም። ሕይወት ያድናል።

ክረምት ተኩስ አቁም አያውቅም

ጦርነት ቅርስን የሚገድለው በመድፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠላቱን ማወቅ ቀላል ነበር። በመድፍም ይገድላል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በትግራይ የነጋሽ መስጊድ ተደበደበ። የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች ስደተኛ ሆነው የተስተናገዱበት፣ የ15ቱ መቃብር ያረፈበት ተብሎ የሚከበር ቦታ ነው። ሚናራው ተመታ፣ ጉልላቱ ፈረሰ፣ መቃብሩም ተጎዳ። በዚያው ወር በኅዳር 4 ሮኬት ጎንደር አየር ማረፊያ ላይ ወደቀ። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ደሴ ያለችበት ወሎ ደግሞ ከኢትዮጵያ እስልምና ትምህርት ምንጮች አንዷ ናት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እና በቀጣዩ መስከረም ደግሞ ሌላ ውጊያ ጎንደር ከተማ ውስጥ ገባ።

ዝግ ያለው ሞት ግን ከተኩሱ በኋላ ይመጣል። መንገድ ሲዘጋ ጎብኚ ይቀራል፤ ጎብኚ ሲቀር አስጎብኚው ሥራ ይቀይራል፤ የመግቢያ ገንዘብ ሲደርቅ የጥገና በጀት ይደርቃል። ግንበኛው ከተማ ለቆ ይሄዳል፣ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በግድግዳ ላይ የበቀለች ትንሽ የዋርካ ቡቃያ በጣት ትነቀላለች። ሦስት ክረምት ካለፋት ድንጋይ ትፈነቅላለች። ክረምት ተኩስ አቁም አያውቅም። ስለዚህ «ሰላም ሲሆን እንጠግነዋለን» የሚለው ቃል ለቅርስ የሞት ፍርድ ነው።

ደግ ሐሳብም ያፈርሳል። በብዙ የሀገራችን ከተሞች ጥንታዊ መስጊዶች ምእመኑ ሲበዛ ፈርሰው በመስታወትና በኮንክሪት ሕንጻ ተተክተዋል። ያፈረሳቸው ጠላት አይደለም። የገዛ ልጆቻቸው አላህን በተሻለ ቤት ለማምለክ ብለው ነው ያፈረሷቸው። በአብያተ ክርስቲያናትም ያው ነው። በከተሞች የተያያዘው የኮሪደር ልማት መንገድ ያሰፋል፣ ብርሃን ያመጣል፤ አሮጌ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት ግን አንድ ባለሙያ ሜትርና ካሜራ ይዞ መቆም አለበት። የፋሲል ግቢ በቅርቡ ያገኘው ሰፊ ጥገና የሚያስደስት ነው። የዚያ ትኩረት ጥቂቱ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ቀሐ ቢወርድ ደስታው ሙሉ ይሆን ነበር።

ከእሳት መካከል የጠገኑ

ጦርነት ሳያበቃ መጠገን ይቻላል ወይ? ተችሏል።

በማሊ፣ ቲምቡክቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተማዋን የያዙ ታጣቂዎች በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት 16 የወልዮች መቃብር ቤቶች 14ቱን አፈረሱ። በ2015 ሁሉም እንደገና ቆመው ነበር። የገነቧቸው ከውጭ የመጡ ኩባንያዎች አይደሉም፤ ከአባት ወደ ልጅ ሙያ የሚያወርሱ የከተማዋ ግንበኞች ናቸው፣ በጭቃቸው። መቃብሮቹን ካስፈረሱት አንዱ በ2016 በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት 9 ዓመት ተፈረደበት። የሰው የጸሎት ቤት ማፍረስ የጦር ወንጀል መሆኑ በፍርድ ተረጋገጠ።

በኢራቅ፣ ሞሱል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የፈረሰው የአል-ኑሪ መስጊድና ዘንበል ያለው ሚናራው በዩኔስኮ መሪነት ተመልሰው ተሠሩ። ልብ የሚነካው መስጊዱ ብቻውን አለመሠራቱ ነው። በዚያው ሥራ የአል-ጣሂራና የአል-ሳዓ አብያተ ክርስቲያናትም ተገነቡ። ሙስሊምና ክርስቲያን ወጣቶች በአንድ የግንባታ ቦታ ሙያ ተማሩ።

አል-ሐይሚ የመጣባት የመን ደግሞ ለእኛ በሁለት መንገድ ትቀርባለች። በረዳዕ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1504 የተሠራው የዓሚሪያ መድረሳ ሊወድቅ ሲል አርኪዮሎጂስቷ ሰልማ አል-ራዲ ከሀገሬው ግንበኞች ጋር ከ20 ዓመት በላይ ጠገኑት። ለዚህም ቀዳድ የተባለውን፣ ውሃ የማያስገባውንና ሊረሳ የተቃረበውን የየመን የኖራ ልስን አሠራር እንደገና አስነሡ። ሥራው በ2007 የአጋ ኻን የሥነ ሕንጻ ሽልማት አገኘ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ በ2015 የሰንዓ አሮጌ ከተማ በአየር ተደበደበ። ከ2018 ጀምሮ ግን ዩኔስኮና የአውሮፓ ኅብረት ሥራ ያጡ የየመን ወጣቶችን እየከፈሉ፣ እያሠለጠኑ፣ በሰንዓ፣ በዛቢድ፣ በሺባምና በኤደን በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አስጠገኑ። ሽጉጥ ሊይዝ የሚችል እጅ መለሰኛ ያዘ፤ ማታም ለቤቱ እንጀራ ይዞ ገባ።

በሀገራችንም ምሳሌ አለ። ሐረር ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘገብ የገቡት አንድ ሁለት ትልልቅ ሕንጻዎች አይደሉም። 82 መስጊዶች፣ 102 አዋቾች የተባሉ የወልዮች መዘከሪያዎች፣ ቤቶቹና ጠባብ መንገዶቹ እንዳሉ ገቡ። የተመዘገበው ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሐረሪው ቤቱ ቅርስ የሆነው ስለተዘጋ ሳይሆን ስለሚኖርበት፣ ስለሚቀባው፣ መደቡ ላይ እንግዳ ስለሚያስቀምጥ ነው።

ቀሐ ዳር ምን ይደረግ?

አዲስ ዓለም ጀጎል አይደለም፤ ይሁንም አልልም። ግን መጀመር ያለበት ሥራ ግልጽ ነው፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

መጀመሪያ መመዝገብ። መስጊዱ፣ የመቃብር ቦታው፣ አሮጌው ቤት፣ የሸማኔው ጉድጓድ፣ የቁርኣን ቤቱ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው መንገድ። ዛሬ ስልክ የያዘ ወጣት አንድን ግድግዳ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሥቶ በኮምፒውተር ሦስት ገጽታ ያለው ምስል ሊያወጣለት ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ የሰፈሩ ልጆችም እዚያው ናቸው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ያዛል፤ ሕጉ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ንጉሥና ሸማኔ አይለይም። ምዝገባው ከሁለቱም ሃይማኖት ሽማግሌዎች ጋር ቢሆን ደግሞ የመቃብሩ ወሰን በወሬ ሳይሆን በወረቀት ይጸናል።

ቀጥሎ ኖራ። ለግንቦቹ ጥገና የሠለጠነው ግንበኛ በዓመት አንድ ወር ወርዶ ለአዲስ ዓለም ወጣቶች ቢያሳይ፣ ሰፈሩም የራሱ የኖራ ጉድጓድ ቢኖረው፣ ከአንድ ትልቅ ፕሮጀክት የሚበልጥ ነገር ይተከላል። በእስልምና ይህን የሚሸከም ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ ወቅፍ። ሰው ሱቁን ወይም ቤቱን ለመስጊድ ይሰጣል፤ ኪራዩ መስጊዱን ይጠግናል፣ ያበራል፣ ያስተምርበታል። ለዘመናት የሙስሊሙን ዓለም መስጊዶችና መድረሳዎች ያቆየው ይህ ነው። ለጋሽ ሲሄድ የማይሄድ የጥገና በጀት ነው።

በመጨረሻም መተረክ። ልጆች ወደ ፋሲል ግቢ ሲወሰዱ ጉብኝታቸው በበሩ ላይ አያብቃ። አስጎብኚው አል-ሐይሚን ያንሣ፣ ሐጂ ዓሊን ያንሣ፣ የቤተ እስራኤል ግንበኞችን ያንሣ፤ ከዚያ ልጆቹን ቁልቁል ወደ ቀሐ ያውርዳቸው። የጎረቤቱን ቤት የራሱ ታሪክ አካል አድርጎ የተማረ ልጅ ነገ ክብሪት ሲሰጡት እጁ ይከብዳል።

ግድግዳው

ያ ግንበኛ በሳምንቱ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ወደ አዲስ ዓለም ወረደ። ሽማግሌውን ጎንበስ ብሎ ሰላም አለና «ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝ» ብሎ መሮና መዶሻ አወጣ። ያበጠውን ሲሚንቶ በዝግታ መታው። ትልቅ ገበታ የሚያህል ቁራጭ ተላቆ ወደቀ። ከኋላው ጭቃው ጠቁሮ፣ ርሶ ታየ፤ በበጋ መካከል የክረምት ሽታ ሸተተን። ድንጋዮቹ ግን አልተነቃነቁም።

ሽማግሌው እጃቸውን በእርጥቡ ጭቃ ላይ አደረጉ፣ እንደታመመ ልጅ ግንባር።

«ይድናል?»

«ይድናል። አሁን አይነኩት፣ ይድረቅ። ጭድ ያዘጋጁ፤ ጭቃው ሳምንት ይቡካ። ክረምት ሳይገባ እንለስነዋለን፣ በላዩ ኖራ እንቀባዋለን።»

«ልጆቹንም እጠራቸዋለሁ» አሉ ሐጂ። «እንዴት እንደሚለሰን ይዩ።»

ከታች የቀሐ ውሃ ይሰማል። ከላይ የፋሲልን መዋኛ ሞልቶ የሚወጣው ውሃ፣ በዚህ ደጃፍ በኩል አልፎ ነው ከአንገረብ የሚገናኘው።